ከማእድ የተረፈው ወዴት ይሂድ?



በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ በየወሩ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ወደ ቤት ስለሚገባው ነገር ነው። ስለ እህሉና ስለ በርበሬው፣ ስለ ቅቤውና ስለ ልብሱ ብዙ ብለናል። ከቤት ስለሚወጣው ነገር ግን በሚገባ የተነጋገርንበት ጊዜ የለም። የምንበላውን በጥንቃቄ መርጠን እናስገባለን፤ ከበላን በኋላ የተረፈውን ግን ዐይናችንን ጨፍነን ከደጅ እናወጣለን። ከደጅ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን አንድ ስጦታ ነው። በአሜሪካ የምትኖር የወንድማችን ልጅ ባለፈው ዓመት ለአያቷ፣ ማለት ለእናታችን፣ አንዲት የወጥ ቤት መኪና ላከችላቸው። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደምንል፣ ይህችም የምግብ ጥራጊን በኤሌክትሪክ ኀይል አድርቃና ፈጭታ ለአፈር የምታዘጋጅ ስለ ሆነች የጥራጊ መኪና ብንላት አግባብ ይመስለናል። ቁመቷ ከአንድ የውኃ ባልዲ አይበልጥም። ከእርሷ ጋር የመጣው ደብዳቤ «እማማ፣ ከእንግዲህ ቆሻሻ ተሸክመው ደረጃ አይውረዱ» የሚል ነበረ። ከውጭ አገር ዘመዶቻቸው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚላክላቸው፣ ወይም ለመግዛት የሚያስቡ ሌሎች ቤተ ሰቦችም ይኖራሉና፣ በጥቂት ወራት አገልግሎቷ ያየነውን መልካሙንም ክፉውንም ሳንሸሽግ ልናካፍላችሁ አሰብን።

የምንኖረው በጉርድ ሾላ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ስለ ዛፍ የሚናገር ነው፤ የተቈረጠ፣ ያጠረ ሾላ ማለት ነውና። ዛሬ ግን ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በዚህ ሰፈር ከዛፍ ይልቅ ፎቅ ይበዛል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድም በመካከሉ ያልፋል። እናታችን ቀድሞ ይኖሩበት በነበረው ግቢ የድንቹ ልጣጭ ለበግ፣ ፍርፋሪው ለዶሮ፣ የጠላው አተላ ለላም፣ አመዱና የረገፈው ቅጠል ደግሞ ለጎመኑ መደብ ይሰጥ ነበረ። ስለዚህ ቆሻሻ ተብሎ ከግቢ የሚወጣ ነገር ከስንት አንድ ጊዜ ነበረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን በግም፣ ዶሮም፣ መደብም የለም። የቀረው ከወጥ ቤቱ በር ኋላ የሚቆመው ጆንያ ብቻ ነው። ጆንያውንም የእርሻ ማዳበሪያ ይመጣበት ስለ ነበረ ሁላችን «ማዳበሪያ» እያልን እንጠራዋለን። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ለአፈር ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ነገር «ማዳበሪያ» በሚባል ጆንያ አስረን ለማንም ወደማይጠቅምበት ስፍራ እንሰደዋለን ማለት ነው።

ያ ስፍራ የት ነው? የአዲስ አበባ ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማች የኖረው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ረጲ በተባለው ቦታ ነው፤ ሕዝቡ «ቆሼ» ይለዋል። በ2008 ዓ.ም. ጥራጊውን ከእኛ ሰፈር በኮተቤና በለገጣፎ አልፎ ወደሚገኘው ወደ ሰንዳፋ መውሰድ ተጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀርቶ ጥራጊው ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ። ከዚያ በኋላ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ በነበሩት ሰዎች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ነፍሳት ጠፉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘንም ታወጀ።

ያን ክምር ያቆመው በየጓዳችን የታሰረው ጆንያ ነው። ከከተማዋ ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህም በክምር ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሜቴን የተባለ እሳት የሚይዝ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲታሰብ ዓለምን በማሞቅ ረገድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚባለው 28 እጥፍ ያህል ይበረታል። እርጥቡ ከደረቁ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ወረቀቱም ፕላስቲኩም ተበላሽቶ ለሌላ ሥራ አይሆንም፤ በ2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ለተመረቀው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው ጣቢያም እርጥብ ነገር መልካም ማገዶ አይደለም። ከዚህም በቀር በየጊዜው በራችንን እያንኳኩ ጥራጊያችንን የሚወስዱት የጽዳት ማኅበራት ሠራተኞች በትከሻቸው የሚሸከሙት እርሱን ነው። የሚንጠባጠብ ጆንያ በጀርባ ላይ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ራሳችን ተሸክመን ካላየነው በቀር አናውቀውም።

እንግዲህ ወደ መኪናዋ እንመለስ። በዓለም ገበያ ላይ ያሉት የቤት ጥራጊ መኪናዎች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ዐይነት የሚያደርቅና የሚፈጭ ነው። የእኛዋም ከዚህ ወገን ናት። ሁለት ወይም ሦስት ሊትር የሚይዝ የብረት ባልዲ አላት፤ ጥራጊው ገብቶ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ታሞቀዋለች፤ እያማሰለችም ትፈጨዋለች። ከ4 እስከ 8 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ውኃው ተንኖ ከዐሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ የሚሆን ደረቅ ዱቄት ይቀራል። ሽታውን የሚይዘው በውስጧ ያለው የከሰል ማጣሪያ ነው። ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን እንጀራን በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። ድርቆሽ ስለ ደረቀ አይሻግትም እንጂ ባሕርዩ አልተለወጠም፤ ውኃ ሲነካው መልሶ እንጀራ ነው። የመኪናዋም ዱቄት እንደዚሁ የደረቀ ጥራጊ ነው እንጂ ገና ብስባሽ አልሆነም። ብዙ ሻጮች በአንድ ሌሊት ማዳበሪያ ይገኛል እያሉ ስለሚያስተዋውቁ ይህን አጥብቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዐይነት በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን የሚሠሩበት ነው። መኪናው ሙቀቱንና እርጥበቱን እየጠበቀ፣ አየር እንዲገባም ቀስ እያለ እያማሰለ ተሐዋስያኑ ጥራጊውን እንዲበሉት ያደርጋል። ሥራው ቀንና ሌሊት የሚቀጥል ስለ ሆነ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበታል። ሲሞላም ሁሉ አይወጣም፤ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ እንደምናስቀር ከታች ያለውን ማስቀረት ግድ ነው። እርሾውን የጣለ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የዚህኛው ፍሬ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ እውነተኛው ብስባሽ የቀረበ ነው፤ ቢሆንም ከአፈር ጋር ተደባልቆ ጥቂት ሳምንት መክረም ይገባዋል።

ስለ ኮረንቲ ፍጆታው የሚጠይቁ አሉ። የሚያደርቀው ዐይነት በአንድ ዙር የሚወስደው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ይህም የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሲግል ከሚወስደው ጋር የሚመሳሰል ነው። ስለዚህ ወጪው ያለው በኮረንቲው ላይ ሳይሆን በግዢው ላይ ነው፤ በውጭ አገር ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው ዋጋ ይሸጣሉ። የከሰል ማጣሪያውም በየጥቂቱ ወር መለወጥ ስላለበትና ምትኩም ከዚያው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ መኪናዋን የሚልክ ዘመድ ማጣሪያውንም አብሮ ማሰብ አለበት።

አሁን ከስሕተታችን እንጀምር። የመጀመሪያው ስሕተት ሊደርስ የነበረው ገና ከሣጥኗ ስትወጣ ነው። በአሜሪካ የቤት ኮረንቲ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ አገር 220 ነው። መሰኪያውን ልናስገባ ስንል አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤታችን ከኋላዋ ያለውን ጽሕፈት አንብቦ ባያስጥለን ኖሮ በመጣችበት ቀን ተቃጥላ ነበረ። ትራንስፎርመር ገዝተን አገናኘናት፤ የትራንስፎርመሩም ዐቅም መኪናዋ ከምትስበው በደንብ የበለጠ መሆን እንዳለበት ከእርሱ ተማርን።

ሁለተኛው ስሕተት ሁሉን መጨመራችን ነው። የተረፈ ሽሮ ወጥ ብቻውን ብንጨምር ከባልዲው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አረረ። የማንጎ ፍሬ ብንጨምር የመፍጫው ምላጭ ቆመ። አንድ ሌሊት ደግሞ በመካከሉ መብራት ጠፋና ጧት ክዳኑን ስንከፍት ግማሹ የሞቀ፣ ግማሹ ያልደረቀ ነገር ቤቱን በሽታ ሞላው። እንዲህ ሲሆን ክዳኑን ዘግቶ መብራት ሲመጣ ያንኑ ዙር ከመጀመሪያው ማስጀመር እንጂ አዲስ ጥራጊ መጨመር አይገባም። አንዳንዶቹ መኪናዎች ትንንሽ የዶሮ አጥንት ይፈጫሉ፤ የበሬና የበግ አጥንት ግን ምላጩን ይጎዳል። ከዚህ የተነሣ ለእነዚህ መኪናዎች ከሁሉ የሚመቸው የጾም ወራት ጥራጊ ነው፤ የጎመኑ ግንድ፣ የድንቹና የካሮቱ ልጣጭ፣ የቡናው አተላ፣ ቅባትና አጥንት የሌለበት ሁሉ።

ሦስተኛው ስሕተት ግን ያሳዘነን ነው። እናታችን በሰገነቱ ላይ በአሮጌ ባልዲ የተከሉት አንድ ጤና አዳም ነበራቸው። ከቀድሞው ግቢያቸው ቀንጥበው ያመጡትና ለቡናቸው የሚቀጥፉት፣ ከዚያ ቤት የተረፋቸው ብቸኛ ተክል ነበረ። እኛም ደስ ይላቸዋል ብለን ከመኪናዋ የወጣውን ዱቄት በሥሩ ላይ በብዛት አፍስሰን ውኃ አጠጣነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ ሻጋታ አለበሰው፤ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ደረቀ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳነው። ያልበሰበሰ ነገር በተክል ሥር ሲበሰብስ ሥሩ የሚፈልገውን አየርና ናይትሮጅን ይሻማዋል፤ ከወጥ የመጣው ጨውም ሥሩን ያቃጥላል። እናታችን አልተቈጡንም። «የቸኮለ ነው የገደለው» ብለው ባልዲውን ወደ ጥግ ገፉት፤ ለብዙ ቀንም ቡናቸውን ያለ ጤና አዳም ጠጡ።

ከዚህ በኋላ አካሄዳችንን ለወጥን። ዱቄቱን አንድ እጅ ከዐሥር እጅ አፈር ጋር አደባልቀን፣ ጥቂት ውኃ አርከፍክፈን፣ በተሸፈነ ዕቃ አንድ ወር ያህል አቆየነው። በየሳምንቱም አገላበጥነው። መልኩ ጠቁሮ የምግብ ሽታ ጠፍቶ ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ሲሸት ያን ጊዜ ለተክል የደረሰ መሆኑን ዐወቅን። ለጊዜው የማይፈለገው ዱቄት ደግሞ እርጥበት በማይገባበት ጣሳ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል።

ነገር ግን ከሁሉ የበለጠውን ትምህርት ያገኘነው ከመኪናዋ ሳይሆን ከእናታችን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከማእድ የተረፈውን እንጀራ ወደ ባልዲው ስንጨምር አይተው፣ «ጤፉ አንድ ጊዜ ተፈጭቷል፤ ደግሞ ሁለተኛ ልታስፈጩት ነው?» አሉን። ሣቅን። እርሳቸው ግን አልሣቁም። በማግሥቱ የባልዲውን ክዳን ከፍተው ያለውን በዐይናቸው መረመሩና ግማሹ ሰው ሊበላው የሚችል ምግብ መሆኑን አሳዩን። አፈርን። ከዚያም ለቤቱ ሕግ አወጡ። «ሰው የሚበላው ለሰው ይሁን፤ ሰው የማይበላው እንስሳ ከበላው ለእንስሳ፤ የቀረው ለመኪናዋ።» ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የጸበል ጻዲቅ ፍርፋሪ ግን ወደ ባልዲው ቀርቶ ወደ ወለሉም እንዳይወድቅ አስጠነቀቁ። አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ እንኳ ቍርስራሹ በዐሥራ ሁለት መሶብ መነሣቱን ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርኩ እናት ከዚህ የተለየ ሕግ ሊያወጡ አይችሉም።

ከዚያ ወዲህ የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ለቁርስም በፍርፍር ይመጣል። ልጣጩን ሰብስበን ከሕንጻው በታች ባለ ግቢ በግ ለሚያረቡ አንዲት ወይዘሮ እንሰጣለን። በመጀመሪያው ወር በየምሽቱ ትሞላ የነበረችው መኪና አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትሠራለች። የደጁ ጆንያም ቀሏል፤ አይንጠባጠብም።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ባወጣው መግለጫ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደ ባከነ፣ ይህም ለተመጋቢዎች ከቀረበው ምግብ 19 ከመቶ እንደ ሆነ፣ ከባከነውም 60 ከመቶ የሚሆነው በየቤቱ እንደ ባከነ ገልጿል። እንግዲህ ትልቁ በር የሆቴሉና የገበያው ሳይሆን የየቤታችን በር ነው።

«መኪናውን እንግዛ ወይስ እንተው?» ለሚሉን አንባብያን የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። ለአንድ ክንድ መሬት እንኳ ባለቤት የሆነ ሰው መኪና አያስፈልገውም። ሰገነት ብቻ ያለውም ቢሆን ከታችና ከጎኑ የተበሳሳ ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃዋል። በዚያ ውስጥ አንድ እጅ ልጣጭ፣ በላዩም ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል ወይም ከአናጢ ቤት የመጣ ሰጋቱራ እያነባበረ ይጨምር፤ በየሦስትና በየአራት ቀኑ ያገላብጥ። እርጥበቱን ለማወቅ በእጅ ጨብጦ ማየት ነው፤ ተያይዞ ከቆመና ውኃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ቢሸት ደረቁን መጨመር፣ ቢደርቅ ውኃ ማርከፍከፍ ይበቃል። ሥጋና ቅባት ግን ዝንብና አይጥ ስለሚጠራ አይግባበት። በግቢ ውስጥ ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር የሆነ ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርሳል፤ የአረም ዘርና በሽታንም ይገድላል። የባልዲው ግን ስለማይሞቅ ብዙ ወር ይወስዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ መታገሥ ነው።

የብስባሽ ኀይል በአገራችን በማሳ ላይ የተፈተነ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር በመሆን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ባካሄዱት ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው ማሳ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ምርት ሲሰጥ፣ ከኬሚካል ማዳበሪያም ጋር ሲወዳደር ታይቷል። ዶክተር ተወልደ በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ያ ሁሉ የተሠራው ያለ ኤሌክትሪክ፣ በአካፋና በትዕግሥት ነው።

መኪናዋ የምትጠቅመው ግቢም ሰገነትም ለሌለው፣ ወይም ጉልበት ለደከመው፣ ወይም ዘመድ ልኮለት በእጁ ላለ ሰው ነው። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ሰው በሚመገብበት አዳራሽ ልጣጩና የቡናው አተላ በየቀኑ በብዛት ስለሚገኝ ተሐዋስያን የሚሠሩበት ትልቅ መኪና ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። ቢሆንም ከመግዛት በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ጥራጊውን በሚዛን መመዘን፣ ፕላስቲክና የጥርስ እንጨት እንዳይገባ የሚጠብቅ አንድ ኀላፊ መሰየም፣ የሚወጣውንም የሚቀበል የአትክልት ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ተቀባይ የሌለው ብስባሽ ተመልሶ ቆሻሻ ነውና።

መለየቱ በአዋጅም የታሰበ ነው። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ዳግመኛ ሊያገለግል የሚችለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበረ። ደቡብ ኮርያ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የምግብ ጥራጊ ወደ ቆሻሻ መድፊያ እንዳይሄድ ከለከለች፤ በ2013ም ሰው ሁሉ በሚጥለው የምግብ ጥራጊ መጠን እንዲከፍል አደረገች። ዛሬ በዚያች አገር የምግብ ጥራጊ አብዛኛው ለእንስሳት መኖ፣ ለብስባሽና ለጋዝ ይውላል። ሕዝቡ ይህን የለመደው በየቤቱ አንድ ባልዲ ለይቶ በማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ መኪና ያላችሁም የሌላችሁም በዚህ ወር አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ከወጥ ቤታችሁ በር ኋላ ከጆንያው አጠገብ አንድ ክዳን ያለው ባልዲ አኑሩና ለአንድ ሳምንት እርጥቡን ከደረቁ ለዩ። በሳምንቱ መጨረሻ ክዳኑን ከፍታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት። ምን ያህሉ ለሰው ይሆን እንደ ነበረ፣ ምን ያህሉ ለበግና ለዶሮ፣ ምን ያህሉ ለአፈር እንደሚሆን ራሱ ይነግራችኋል።

ከእናታችን ዘንድ ደግሞ አንድ ወሬ አለ። አንዲት የሰፈራችን ወይዘሮ ከግቢያቸው የጤና አዳም ቅርንጫፍ ሰጥተዋቸው አንድ ወር በቆየው አፈር ላይ ተከሉት። እስካሁን ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። እርሳቸው ግን ገና አልቀጠፉለትም፤ «ሥር ይያዝ» ብለው እየጠበቁት ነው።